የኬሚካል ለውጥ ፍጥነት እንዴት ይለካል?

ክብሪት ሲጫር ዐይን ሳይርገበገብ እሳት ይሆናል፤ በዝናብ የተተወ ማረሻ ግን እስኪዝግ ብዙ ቀን ይፈጃል። ወተት በአንድ ሁለት ቀን ይረጋል፤ ጠላ ተጠንስሶ እስኪደርስ ከዚያ የበለጠ ይጠበቃል። እነዚህ ሁሉ የኬሚካል ለውጦች መሆናቸውን ማንም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያውቃል። አንዱ ከሌላው ስለምን እንደሚፈጥን፣ ይልቁንም ፍጥነቱ በቁጥር እንዴት እንደሚታወቅ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም።

እኛም አልጠየቅንም ነበር። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች አራት ስንሆን ሁላችንም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ነን። በዚያ ሳለን ኬሚስትሪ ማለት ቀመር ማመጣጠን ነበር። በግራ በኩል ያሉት አቶሞች በቀኝ በኩል ካሉት ጋር በቁጥር ከተካከሉ «ጎሽ» ተብለን እንቀመጣለን። በመካከላቸው የምትሰመረው ቀስት ግን ለውጡ በሴኮንድ ይፈጸም ወይም በመቶ ዓመት የምትነግረን ነገር አልነበራትም፤ እኛም ዝምታዋን ልብ አላልነውም። ወደ ኮሌጅ ከገባን በኋላ በዚህ ዓመት የተሰጠን የምርምር ሥራ ይህችን ቀስት የሚመለከት ሆነ። የደረሰብንንም ስሕተት ጭምር እዚህ የምንጽፈው፣ ከኛ በኋላ ይህን ሥራ የሚይዙ ጓደኞቻችን ሦስት ሳምንት እንዳይከስሩ በማሰብ ነው።

በመጀመሪያ ፍጥነት ስንል ምን ማለታችን ነው? የመንገደኛ ፍጥነት በሰዓት የሄደው ኪሎሜትር ነው። የኬሚካል ለውጥ ፍጥነት ደግሞ በአንድ ሊትር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ ስንት ሞል እንደ ጠፋ ወይም ስንት ሞል እንደ ተወለደ ነው። አነጋገሩ ቀላል ነው፤ ችግሩ ግን ሞለኪውሎችን ቆሞ የሚቈጥር ሰው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ የኬሚስቱ ሥራ በቅድሚያ ምስክር መፈለግ ነው፤ ይኸውም ከሞለኪውሎቹ ቍጥር ጋር አብሮ የሚለወጥና ዐይን ወይም መሣሪያ ሊያየው የሚችል አንድ ነገር ማለት ነው። ጋዝ የሚወጣ ከሆነ የጋዙን መጠን እየለኩ ይጽፋሉ። ቀለም የሚለወጥ ከሆነ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያልፍ ይለካሉ። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት አዮኖች የሚበዙ ወይም የሚያንሱ ከሆነ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ኃይሉን ይከታተላሉ። ከነዚህ አንዱም ካልተገኘ ከብርጭቆው በየጊዜው ጥቂት እየቀዱ፣ ለውጡን በበረዶ ውኃ አስቁመው፣ የቀረውን ይመዝናሉ። ይህ የመጨረሻው ዘዴ አድካሚ ነው፤ ቢሆንም ብዙ መልካም ሥራ ተሠርቶበታል።

እንዲህ ያለ ምስክር አግኝቶ የለውጥን ፍጥነት በሕግ ያሰረው የመጀመሪያው ሰው ሉድቪግ ቪልሄልሚ የሚባል ጀርመናዊ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ቪልሄልሚ በ1850 የሸንኮራ ስኳርን ከአሲድ ጋር ቀላቅሎ ተመለከተ። ስኳሩ በውኃና በአሲድ አማካይነት ቀስ በቀስ ለሁለት ይከፈላል፤ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሆናል። ለዐይን ግን ምንም የሚታይ ነገር የለም፤ ውኃው እንደ ጠራ ይቆያል። ይሁን እንጂ የሸንኮራ ስኳር በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲርገበገብ የተደረገን ብርሃን ወደ ቀኝ ያዞራል፤ የግሉኮስና የፍሩክቶስ ድብልቅ ደግሞ ወደ ግራ። ስለዚህ ቪልሄልሚ በፖላሪሜትር እየተመለከተ የብርሃኑ ማእዘን ከቀኝ ወደ ግራ ሲዞር ስንት ስኳር እንደ ቀረ ለማወቅ ቻለ፤ ድብልቁንም መንካት አላስፈለገውም።

ያገኘው ነገር ይህ ነው። ለውጡ የሚፈጥነው በቀረው ስኳር ልክ ነው። መቶ እጅ የነበረው ስኳር ሃምሳ እስኪሆን አንድ ሰዓት ከፈጀ፣ ሃምሳው ሃያ አምስት እስኪሆንም ሌላ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ሃያ አምስቱም ለመጋመስ እንደገና አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ይህንንም በሒሳብ ቀመር አስቀመጠው። በዘመኑ ግን ብዙ ሰው ልብ አላለውም፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ቪልሄልም ኦስትቫልድ ሥራውን አንሥቶ እስኪያስታውሰው ድረስ ተረስቶ ኖረ።

ፖላሪሜትር በእጃችን ስላልነበረ እኛ የመረጥነው ሌላ ለውጥ ነው። ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ከፖታሲየም አዮዳይድ ጋር ሲገናኝ አዮዲን ይወለዳል። አዮዲንም ስታርች ካገኘ እንደ ጽሕፈት ቀለም ያለ ጥቍር ሰማያዊ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ዘዴ አለ። ከድብልቁ ጋር አስቀድሞ ጥቂት ሶዲየም ታዮሰልፌት ይጨመራል። ታዮሰልፌት አዮዲን ገና እንደ ተወለደ ይዞ ወደ አዮዳይድ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ እርሱ እስካለ ድረስ ብርጭቆው እንደ ጠራ ይቆያል። ታዮሰልፌቱ ያለቀ ዕለት፣ ማለት ያለቀባት ሴኮንድ፣ ብርጭቆው ባንድ ጊዜ ይጠቍራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው ሳይደነግጥ አይቀርም፤ እኛም አንዳችን ከመደነቅ የተነሣ ሰዓቱን መጫን ረስቶ ነበር። ከመቀላቀል እስከ መጥቈር ያለው ጊዜ ሲለካ፣ የታወቀ መጠን ያለው ፔሮክሳይድ ለማለቅ ስንት ሴኮንድ እንደ ፈጀ ይታወቃል። ፍጥነት ማለትም ይኸው ነው።

ዘዴው የኛ አይደለም። በ1860ዎቹ በኦክስፎርድ ቬርነን ሃርኮርት የተባለው ኬሚስት ከሒሳብ ሊቁ ከዊልያም ኤሰን ጋር ሆኖ የሠራበት ነው። ሃርኮርት ብርጭቆው በጠቈረ ቍጥር ሌላ የተለካ ታዮሰልፌት ይጨምርበትና እንደገና እስኪጠቍር ይጠብቅ ነበር፤ እንዲህ እያደረገ የአንዱን ድብልቅ ሙሉ ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፈ። ኤሰን ደግሞ ቍጥሮቹን ወስዶ ሕጋቸውን ፈለገ። አንዱ የሚለካ አንዱ የሚያሰላ ሁለት ሰዎች በአንድ ነገር ላይ ለዓመታት መቀመጣቸው ያስቀናል።

የኛ ድብልቅ በአንድ ሊትር 0.05 ሞል አዮዳይድ፣ 0.04 ሞል ፔሮክሳይድና 0.002 ሞል ታዮሰልፌት ነበረው። አሲድነቱ እንዳይለዋወጥም አሲቲክ አሲድና ሶዲየም አሲቴት አብረን ጨመርን። ፔሮክሳይዱን ከመድኃኒት ቤት በገዛነው ጠርሙስ ላይ በተጻፈው ማመን አይገባም፤ ጠርሙሱ 3 በመቶ ይላል፣ ይህም በሊትር 0.88 ሞል ያህል ነው፤ በፖታሲየም ፐርማንጋኔት ስንፈትነው ግን ከ0.8 አላለፈም። ፔሮክሳይድ በጠርሙሱ ውስጥ ተቀምጦ ራሱ ቀስ በቀስ የሚፈርስ ነገር ነውና። ይህንን አስቀድሞ የነገረን መምህራችን ነው፤ እናመሰግነዋለን።

አሁን ወደ ስሕተታችን እንመጣለን። የሩጫ ሰዓት የነበረን አንድ ብቻ ስለሆነና ላቦራቶሪውንም ሌሎች ክፍሎች ስለሚይዙት፣ ሁለታችን ጧት ሁለታችን ከምሳ በኋላ እንድንሠራ ተስማማን። የጧቶቹ ያገኙት 72 ሴኮንድ ነው። ከምሳ በኋላ የገቡት ያገኙት 53 ሴኮንድ ነው። በሁለተኛው ቀን ተለወጠ ብለን ጠበቅን፤ ግን ልዩነቱ እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ጠባችን ጠነከረ። የጧቶቹ «እናንተ ሰዓቱን ዘግይታችሁ ነው የምትጫኑት» አሉ፤ የከሰዓቶቹ ደግሞ «እናንተ ፒፔት መያዝ አታውቁም» ብለው መለሱ። አንዳንዶቻችን ድብልቁ ሲያድር ይበላሻል የሚል ሐሳብ አመጣን፤ በአዲስ ድብልቅ ብንሞክረውም ልዩነቱ አልጠፋም። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ «ለምን አማካዩን አንወስድም? 62 ተኩል ብለን እንጻፍና ይለቅልን» አለ። እውነቱን ለመናገር ሁላችንም ለመስማማት ቀርበን ነበር፤ ሪፖርቱ የሚቀርብበት ቀን ደርሷልና።

ያዳነን መምህር አይደለም፣ መጽሐፍም አይደለም። የላቦራቶሪውን ዕቃ የሚያጥቡት ጋሼ ከጎናችን ቆመው ክርክራችንን ሲሰሙ ቆዩና፣ «እኔ የማውቀው» አሉ፣ «ጧት ይህ የቧንቧ ውኃ እጅ ያደነዝዛል፤ ከምሳ በኋላ ግን ምንም አይል።» ሁላችንም ዝም አልን። ማስታወሻ ደብተራችንን ገለበጥን፤ በሦስት ሳምንት ሥራ ውስጥ የሙቀት መጠን አንድም ጊዜ አልተጻፈም። በማግስቱ ቴርሞሜትር ከተትን፤ ጧት ድብልቁ 18 ዲግሪ፣ ከምሳ በኋላ 22 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። በአራት ዲግሪ ልዩነት ለውጡ ሲሶ ያህል ይፈጥናል ብሎ ያሰበ ከኛ ውስጥ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ብርጭቆዎቹን በሰፊ የውኃ ገንዳ ውስጥ አስቀምጠን፣ ሙቅ ውኃና በረዶ እየጨመርን ገንዳውን በ20 ዲግሪ ያዝነው። ከመቀላቀላቸው በፊት ሁለቱም ፈሳሾች በገንዳው ውስጥ ሩብ ሰዓት ይቆያሉ። ጊዜው 62 ሴኮንድ ሆነ፤ ጧትም ከሰዓትም ያው 62። አንባቢ እንደሚያስተውለው ይህ ልንጽፈው ከነበረው አማካይ ጋር አንድ ነው ለማለት ይቻላል። ቍጥሩ ትክክል ሆኖ ይገኝ ነበር፤ መምህራችንም ያርመን ነበር ብለን አናስብም፤ እኛ ግን ያንን ቍጥር ምን እንዳመጣው ሳናውቅ ከላቦራቶሪው እንወጣ ነበር። ይህ ነገር እስካሁን ያሳስበናል።

ገንዳው ከተስተካከለ በኋላ ሥራው ፈጠነ። አዮዳይዱን በግማሽ ስንቀንሰው ጊዜው ከ62 ወደ 125 ሴኮንድ ሄደ፤ በሩብ ስናደርገው 246 ሆነ። ፔሮክሳይዱን ብቻ በግማሽ ስንቀንሰውም 124 ሴኮንድ አገኘን። እንግዲህ ፍጥነቱ ከአዮዳይዱ መጠን ጋር አንድ ለአንድ፣ ከፔሮክሳይዱም መጠን ጋር አንድ ለአንድ ይሄዳል ማለት ነው። ሒሳቡም ቀላል ነው። ሁለት ታዮሰልፌት አንድ አዮዲን ስለሚይዙ፣ ታዮሰልፌቱ እስኪያልቅ ድረስ የጠፋው ፔሮክሳይድ በሊትር 0.001 ሞል ነው። ይህም ከነበረው 0.04 ሞል 2.5 በመቶ ብቻ ስለሆነ የመነሻው መጠን እንዳልተለወጠ ይቈጠራል። አዮዳይዱማ ታዮሰልፌቱ እየመለሰው ጨርሶ አይጐድልም። 0.001ን ለ62 ብናካፍለው ፍጥነቱ በሊትር በሴኮንድ 0.000016 ሞል ይሆናል፤ ይህንንም ለሁለቱ መጠኖች ብዜት ስናካፍለው የፍጥነቱ ቋሚ ቍጥር በ20 ዲግሪ 0.008 ገደማ ሆኖ ይገኛል።

አሁን የትምህርት ቤቱን ቀመር እናስታውስ። ቀመሩ አንድ ፔሮክሳይድ፣ ሁለት አዮዳይድና ሁለት የሃይድሮጅን አዮን ተገናኝተው አንድ አዮዲንና ሁለት ውኃ ይሆናሉ ይላል። ፍጥነቱ ከቀመሩ ላይ የሚነበብ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለት አዮዳይድ ስላለ አዮዳይዱን በግማሽ መቀነስ ፍጥነቱን ወደ ሩብ ማውረድ ነበረበት፤ ጊዜውም 248 ሴኮንድ መሆን ይገባው ነበር። የሆነው ግን 125 ነው። ቀመሩ ሐሰት አይደለም፤ የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው። እርሱ የመነሻውንና የመድረሻውን ሒሳብ ይዘጋል፤ በመንገድ የሆነውን አይናገርም።

በመንገድ የሆነው እንዲህ እንደሆነ ይታሰባል። መጀመሪያ አንድ ፔሮክሳይድ ከአንድ አዮዳይድ ጋር ይገናኛል፤ ኦክሲጅን ከአዮዲን ጋር ይያያዝና ሃይፖአዮደስ አሲድ የሚባል ዕድሜው አጭር የሆነ ነገር ይወለዳል። ይህ እርምጃ አዝጋሚ ነው። ቀጥሎ ይህ ዐዲስ ነገር ሁለተኛውን አዮዳይድ ወዲያው ያገኘውና አዮዲን ይሆናል፤ ይህኛው ፈጣን ነው። ጠባብ በር ባለው አዳራሽ ሰው ሲወጣ የመውጫው ፍጥነት የሚወሰነው በበሩ ነው እንጂ ከበሩ ውጭ ባለው ሰፊ አደባባይ አይደለም። ስለዚህ ሁለተኛው አዮዳይድ ቢበዛም ቢያንስም በጊዜው ላይ የሚያመጣው ነገር የለም። ማንም ያላየውን የሞለኪውሎች ግንኙነት በሩጫ ሰዓትና በስታርች መመርመር መቻሉ ከዚህ ሥራ ሁሉ ያስደነቀን ነው።

ጠባችንን ያመጣውን ሙቀት ደግሞ ለብቻው ለካነው። በ10 ዲግሪ 141 ሴኮንድ፣ በ20 ዲግሪ 62፣ በ30 ዲግሪ 29 ሴኮንድ ሆነ። በየ10 ዲግሪው ፍጥነቱ ከእጥፍ ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው። ነገሩ እንግዳ ነው፤ ምክንያቱም ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሲሄድ የሞለኪውሎቹ አማካይ ሩጫ የሚጨምረው በመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም፤ ቶሎ ቶሎ መጋጨታቸው ብቻ እጥፉን ሊያመጣው አይችልም። መልሱን አጥብቆ የያዘው የስዊድኑ ስቫንቴ አሬኒየስ ነው፤ መንገዱን ግን በ1884 የሆላንዱ ቫንት ሆፍ አዘጋጅቶለት ነበር። አሬኒየስ በ1889 እንዳስረዳው፣ ከሚጋጩት ሞለኪውሎች ለውጥ የሚያደርጉት አንድ የተወሰነ የኃይል ዳገት ለመውጣት የሚችሉት ብቻ ናቸው። ሙቀት ጥቂት ሲጨምር አማካዩ እምብዛም አይነሣም፤ ዳገቱን ለመውጣት የሚችሉት ጥቂቶች ግን በብዙ ይበዛሉ። ከኛ ሦስት ቍጥሮች የዳገቱን ከፍታ ስናሰላው ከ56 እስከ 57 ኪሎጁል በሞል ሆነ። ሃርኮርትና ኤሰንም የሙቀትን ነገር በራሳቸው መንገድ ተከትለው ነበር፤ የኬሚካል ለውጥ ፈጽሞ የሚቆምበትን ሙቀት ከልኬታቸው ብቻ አስልተው ከዜሮ በታች 272.6 ዲግሪ አገኙ። የሙቀት ፍጹም ዜሮ 273.15 መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ብዙ ያስገርማል።

ይህ ነገር ከላቦራቶሪ ውጭም ይከተለናል። አዲስ አበባ ከፍ ባለ ቦታ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ፈልቶ እያለ እሳት ቢጨምሩበትም ከዚያ አይወጣም፤ እንጨት ብቻ ይፈጃል። የባቄላ መብሰል እንደ አዮዲኑ ንጹሕ ለውጥ አይደለም፤ ቢሆንም የ10 ዲግሪውን እጥፍ ለግምት ብንወስድ፣ በባሕር ጠረፍ በአንድ ሰዓት የሚበስል ንፍሮ እዚህ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ያህል ይፈልጋል። ክዳኑ የሚቆለፍ ድስት የሚረዳውም እንፋሎቱን አፍኖ ውኃውን ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው እንጂ ሌላ ጥበብ ስላለው አይደለም።

ከንፍሮ የበለጠ የሚያሳስበው መድኃኒት ነው። በመድኃኒት ሣጥን ላይ የሚታተመው የማለቂያ ቀን ከዚሁ ዓይነት ልኬት የመጣ ነው። አዲስ መድኃኒት ሲሠራ ሁለት ሦስት ዓመት ሙሉ ቆመው ሳይጠብቁ ባሕርዩን ለማወቅ፣ 40 ዲግሪ ሙቀትና 75 በመቶ እርጥበት ባለበት ክፍል ስድስት ወር አስቀምጠው ምን ያህሉ እንደ ፈረሰ ይለካሉ፤ በመደበኛው ሙቀት የሚደረገው ረጅሙ ፈተናም ጐን ለጐን ይቀጥላል። ስለዚህ በሣጥኑ ላይ «ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ» ተብሎ ሲጻፍ የቀኑ እውነተኛነት በዚያ ላይ የተመሠረተ ነው። በቆላ ከተማ በቆርቆሮ ጣራ ሥር የተቀመጠ ሣጥን ቀኑ ሳይደርስ ኃይሉ ሊያልቅ ይችላል፤ ቀኑን ብቻ አይቶ የሚገዛውም በሽተኛ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የኛ ደብተር ሙቀት ያልተጻፈበት መሆኑ ያስከፈለን ሦስት ሳምንት ነው። ለሌላው ሰው ዋጋው ከዚህ ሊበልጥ ይችላል።

ስለ ፈጣኖቹ ጥቂት ሳንናገር አናልፍም። በሩጫ ሰዓት የሚለካው የሰው እጅ የሚደርስበት ብቻ ነው፤ አውራ ጣት ለመታዘዝ የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈልጋል፤ በ30 ዲግሪ ያገኘነው 29 ሴኮንድም ቢሆን ከዚህ የተነሣ በጥቂቱ የተጠራጠርንበት ነው። አሲድና ቤዝ ሲገናኙ የሚሆነውን ግን ማን ይጫነዋል? በ1923 በካምብሪጅ ሃርትሪጅና ራፍተን የደም ሄሞግሎቢን ኦክሲጅንን ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚይዝ ለማወቅ ሰዓቱን ጨርሰው ተዉት። ሁለቱን ፈሳሾች በኃይል ገፍተው በአንድ ቀጭን ቱቦ ውስጥ አገናኟቸው። ፈሳሹ በሴኮንድ አሥር ሜትር የሚሮጥ ከሆነ፣ ከመገናኛው አንድ ሴንቲሜትር ርቆ ያለው ፈሳሽ ዕድሜው የሴኮንድ አንድ ሺኛ ነው፤ ሁለት ሴንቲሜትር ላይ ያለው ሁለት ሺኛ። ስለዚህ ተመልካቹ ሳይቸኵል በቱቦው ላይ ከቦታ ወደ ቦታ እየሄደ ቀለሙን ያያል። ጊዜ በማስመሪያ ተለካ ማለት ነው።

መቀላቀል ራሱ ጊዜ የሚወስድባቸውን ለውጦች ግን ይህም አይደርስባቸውም። የጀርመኑ ማንፍሬድ አይገን ለዚህ ያገኘው መፍትሔ አለመቀላቀል ነው። አስቀድሞ ተቀላቅሎ ሚዛኑን የያዘ ፈሳሽ ወስዶ በኤሌክትሪክ ኃይል ሚዛኑን በድንገት ያናጋዋል፤ ከዚያ ወደ ሚዛኑ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚመለስ ይከታተላል። በዚህ ዓይነት የሃይድሮጅን አዮንና የሃይድሮክሳይድ አዮን ተገናኝተው ውኃ የሚሆኑበት ቋሚ ቍጥር ተለካ፤ 140 ቢሊዮን ሊትር በሞል በሴኮንድ ገደማ ነው። ሁለቱ በሊትር አንድ ሺኛ ሞል ብቻ ቢኖሩ ግማሾቹ ለመገናኘት የሴኮንድ ሰባት ቢሊዮንኛ ይበቃቸዋል። የእንግሊዞቹ ኖሪሽና ፖርተርም በብርሃን ብልጭታ ሞለኪውሎችን ሰብረው በሁለተኛ ብልጭታ ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። ሦስቱም በ1967 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ከነርሱ በኋላ የመጣው አህመድ ዘወይል የዓባይ ውኃ ከሚደርስበት ከግብፁ ደማንሁር የተወለደ ነው፤ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ሲሠራ በሌዘር ብልጭታ የአቶሞች ማሰሪያ ሲበጠስ ተመለከተ። የተጠቀመበት የጊዜ ልክ ፌምቶሴኮንድ ይባላል፤ የሴኮንድ ሚሊዮንኛ የቢሊዮንኛ ማለት ነው። በ1999 የኖቤል ሽልማት ብቻውን ተሰጠው፤ በ2016 ዐረፈ።

እኛ ገና ከሴኮንዱ አልወጣንም። አንድ ያልጨረስነው ነገር አለ። አሲቲክ አሲዱንና አሲቴቱን ትተን በሊትር 0.1 ሞል ብርቱ አሲድ ስንጨምር፣ በ20 ዲግሪ 62 የነበረው ጊዜ 24 ሴኮንድ ሆነ። ስለዚህ ከዚያ ከጠባቡ በር ሌላ፣ አሲድ ሲበዛ ብቻ የሚከፈት ሁለተኛ በር ሳይኖር አይቀርም። አሲዱን በግማሽና በሩብ እየቀነስን በዚህ ሳምንት እየለካነው ነው፤ የገንዳው ሙቀትም በየገጹ ራስ ላይ ተጽፏል።